የስኳር ደዌና የከሳው ገበሬ

«ስኳር የባለጸጋ ሕመም ነው» የሚለው አነጋገር በአገራችን እንደ ተቈረጠ ፍርድ ተይዞ በመኖሩ፣ በደባርቅና በዳባት ደጋ ገብስ አጭዶ የሚያድር፣ ወይም ከሊማሊሞ ግርጌ በዛሪማ ቆላ ማሽላ የሚጠብቅ ከሲታ ጎልማሳ በድንገት ውኃ ጠጥቶ የማይረካ፣ ሌሊቱን ለሽንት ሲመላለስ የሚያነጋ፣ ሥጋው በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ በሆነ ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ ዓይነ ጥላ ነው ወይም ቡዳ ነው ይላል እንጂ ስኳር ነው ብሎ የሚጠረጥር እምብዛም አይገኝም።

እንዲህ ያለው ስኳር ግን ከማዕድ ብዛት አይመጣም፤ የአካል የገዛ ዘብ ከመሳሳቱ እንጂ። በአጥንት መቅኔ የሚወለደው ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ፣ ከደዌ ጋር ከመዋጋቱ አስቀድሞ፣ ከደረት አጥንት ኋላ ወዳለችው ታይመስ ወደምትባል እጢ ሄዶ፣ ለክህነት እንደ ቀረበ ዕጩ ይመረመራል። የሚያስደንቀው፣ የደምን ስኳር የሚገራውና የቆሽት ሀብት የሆነው ኢንሱሊን እንኳ ሳይቀር የሌሎች ብልቶች ፕሮቲን በዚያች ትንሽ እጢ ውስጥ በጥቂቱ እየተሠራ ለፈተና መቅረቡ ነው፤ በገዛ አካሉ ላይ በብርቱ የተነሣሣው ሕዋስም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ይሞታል። አምልጠው የሚወጡትን ደግሞ የሚገቱ ሌሎች ቲ ሴሎች አሉ፤ እነዚህን ተመራማሪው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ገለጠ፣ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴልም በ2001 እነዚህኑ ገቺ ሕዋሳት የሚመራውን ፎክስፒ3 የተባለውን ዘረመል ስላገኙ፣ ሦስቱ በ2025 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ሲፈርስ፣ ለአካል ዘብ የቆመው ሠራዊት ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋል፤ የአንደኛው ዓይነት ስኳር የሚባለውም ይኸው ነው። የገጠር ሕሙማን ድኆችና ከሲታዎች በመሆናቸው፣ ሊቃውንት ምክንያቱ የምግብ እጦት ይሆንን እያሉ ብዙ ተከራክረዋል። የጎንደር ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በአማራ ሕሙማን ላይ አድርገው በ2020 ያሳተሙት ጥናት ግን በሽታው በሌላው ዓለም ከሚታወቀው የአንደኛው ዓይነት ስኳር ጋር በተመሳሳይ የውርስ ምልክቶች እንደሚዛመድ አሳይቷል። (በእኔ አስተያየት ድህነት ከዚህ ፍርድ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱን የሚያርቅ እርሱ ነውና።)

የጠፋው ሕዋስ ስለማይመለስ፣ ታማሚው ኢንሱሊንን በየቀኑ በመርፌ መውሰድ አለበት፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤትም ብልቃጡ ከፀሐይ ርቆ፣ በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀመጠ ሸክላ ይጠበቃል። ወዳጆቼ፣ ጸበሉን ተዉ አልልም፤ መርፌው ግን ለአንድ ቀን እንኳ አይቋረጥ። ውኃ የማይጠግብና የሚከሳ ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ከጣቱ በሚወጣ አንድ ጠብታ ደም ስኳሩን አስመርምሩለት።