ወደ ሮብ ገበያ፤ ሌሊት ስለሚተጉ ሰዎች አመጋገብ

በጎጃም አገር ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ በመንገዱ ሮብ ገበያን ያገኛል። ሮብ ገበያ የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ስትሆን፥ የጮቄ ራስ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ መንገዱ ዳገት ነው፤ መንገደኛውም ዳገቱን በወጣ ቍጥር የአገሩ እህል ሲለወጥ ይመለከታል። በታች ጤፍ፥ ከፍ ሲል ስንዴና ባቄላ፥ ከዚያም በላይ ገብስ፥ እንግዶና ድንች ይገኛል። ከገብሱ በላይ ጓሳና አስታ ጅብራም ብቻ ይቀራሉ። ብርዱ የጸና ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ጋቢውን ደርቦ ይሄዳል። ከዚህም ተራራ የሚፈልቁት ብዙ ወንዞች ወርደው ወደ ዓባይ ይገባሉ።

ከተማይቱ በገበያ ቀን ስም መጠራቷ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰኞ ገበያ፥ ሐሙስ ገበያ፥ ቅዳሜ ገበያ የሚባሉ ቦታዎች በየአውራጃው አሉ። ነገር ግን ረቡዕ የጾም ቀን ነውና የረቡዕ ገበያ ለአስተዋይ ሰው አንድ ልዩ ትምህርት ይሰጣል። ቅቤዋን በቅል፥ እንቍላሏን በጭድ ላይ አድርጋ የምታቀርበው ሴት፥ በዓለ ኀምሳ ካልሆነ በቀር፥ በዚያ ቀን ከምትሸጠው አንዱን አትቀምስም። የምትበላበትን ሰዓት ሆዷ ሳይሆን ሥርዓቱ ይወስንላታል። የጣፈጠ ነገር ከፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ሰዓቱ እስኪደርስ መታገሥ የደገኛው ሕዝብ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚማረው ብልሃት ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም ስለ ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን በምን ሰዓት እንደሚበላም ነው።

ከገበያው ይልቅ እኛን ያሳሰበን ከገበያው በፊት ያለው ሌሊት ነው። ገበያተኛው ጎሕ ሳይቀድ ከየመንደሩ ይነሣል። ጠላ ጠማቂዋ በጨለማ እሳት ታነዳለች። ድንች የጫነው መኪና ነጂ ሌሊቱን በመንገድ ያነጋል። በሽተኛ የምትጠብቀው አስታማሚ፥ መጋዘን የሚጠብቀው ዘበኛ፥ ማኅሌት የቆሙት ካህናት ሁሉ ሌላው ሰው ተኝቶ ሳለ ነቅተው ያድራሉ። እኛም የፍርድ ቤት ጸሓፊ እንደ መሆናችን መዝገብ ሲበዛ በመብራት ማምሸትን እናውቀዋለንና ነገሩን በቀላል ልናልፈው አልቻልንም።

በጕዟችን ካገኘናቸው ሰዎች አንዱ ሌሊት በዘበኝነት የሚያድሩ አዛውንት ናቸው። «አያ፥ ሌሊቱን በምን ያሳልፉታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «በሻይና በዳቦ ነዋ፥ ጌታዬ! እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ስኳሩን አበዛዋለሁ። ቀን ከሥራ ስገባ መብሉ አያሰኘኝም፤ ሌሊት ግን ረኃቡ ይነሣብኛል። ሆዴ እየገፋ፥ ጕልበቴ እየደከመ ሄደ» አሉን። ሐኪምም ደማቸውን መርምሮ ስኳራቸው ከፍ ማለቱን ነግሯቸዋል። «ታዲያ ሥራውን ለምን አይለውጡም?» ብንላቸው፥ «አምስት ልጆች አሉኝ፤ ሥራውን ብተወው ማን ያበላቸዋል?» ብለው መለሱልን። ለዚህ መልስ የሚሆን ቃል አላገኘንም። ሌሊት መሥራቱ ግድ ከሆነ የሚቀረው መንገድ የሚበሉትንና የሚበሉበትን ጊዜ ማስተካከል ነው።

በመጀመሪያ ሻዩን እንቍጠረው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በአንድ ሌሊት አምስት ብርጭቆ ሻይ፥ በያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር ቢጠጡ 15 ማንኪያ፥ ማለት 60 ግራም ይሆናል፤ ይህም 240 ኪሎ ካሎሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ምክር መሠረት ግን ለአንድ ሰው በቀን የሚጨመረው ስኳር ከ50 ግራም እንዲያንስ፥ ቢቻልም ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይገባል። እንግዲህ እኒህ አዛውንት ዳቦው ሳይቈጠር በሻይ ብቻ ከወሰኑ አልፈዋል።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። የሌሊት ሥራ ጤናን እንደሚጐዳ ማስተዋል ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል የኢጣልያ ሐኪም በ1700 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ሠራተኞች ደዌ ባሳተመው መጽሐፍ ሌሊት ስለሚሠሩ ዳቦ ጋጋሪዎች ጽፏል። በዘመናችን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. እንደዚያው አቈጣጠር ጄፍሪ ሆል፥ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ ሦስት የአሜሪካ ሊቃውንት የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የተሸለሙትም በሕያዋን ሰውነት ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚቈጥረው ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ በመግለጣቸው ነው። ይህ ሰዓት በብርሃን ይስተካከላል። የአገራችን ሰው ሰዓቱን ፀሓይ ስትወጣ ጀምሮ ይቈጥራልና፥ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓትም እንደዚሁ ከብርሃኑ ጋር ይነሣል ብንለው ነገሩ በቶሎ ይገባል።

ፀሓይ ስትጠልቅ ሰውነት ለእንቅልፍ ይሰናዳል። ከመብል የተገኘውን ስኳር ከደም አንሥቶ ወደ ሥጋ የሚያስገባው ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን በሌሊት እንደ ቀኑ አይሠራም። ስለዚህ ያው አንድ እንጀራ በቀን ሲበላና በእኩለ ሌሊት ሲበላ ሥራው አንድ አይደለም፤ በሌሊት የተበላው ስኳር በደም ውስጥ ይቈያል። እንቅልፍ ያነሰውም ሰው ረኃቡ ይበረታል፤ ዐይኑም ወደ ጣፋጭና ወደ ቅባት ያዘነብላል።

በቦስተን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በ2021 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን ያሳተሙት ጥናት ይህን ያስረዳል። 19 ጤነኛ ወጣቶችን በሌሊት ሥራ አኗኗር አኖሯቸውና ከፊሎቹን በሌሊትም፥ ከፊሎቹን በቀን ብቻ አበሏቸው። በሌሊት የበሉት የደማቸው ስኳር በአማካይ 6.4 በመቶ ከፍ አለ፤ በቀን ብቻ በበሉት ላይ ግን ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ክብደት በበዛባቸው 16 ሰዎች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት፥ ያንኑ መብል አራት ሰዓት ያህል አዘግይቶ መብላት ረኃብን እንደሚጨምርና ሰውነት የሚያቃጥለውን ኃይል እንደሚቀንስ ታይቷል። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ቢሆንም ሁለቱም ጥናቶች የሚያመለክቱት አቅጣጫ አንድ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጎጃም የቅኔና የዜማ አገር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ኤልያስ፥ ዋሸራ የታወቁ የትምህርት ቦታዎች ናቸው። የዜማው ተማሪ ሌሊት በጨለማ እየቀጸለ ያድራል፤ ስሙም ከስንቁ የተነሣ የቆሎ ተማሪ ተብሏል። ማኅሌት የሚቆመው ደብተራም መቋሚያውን ይዞ፥ ከበሮና ጸናጽሉን እየተከተለ፥ ሌሊቱን በእግሩ ቆሞ ያነጋል። የሚቀድሱትም ሆነ የሚቈርቡት ቅዳሴው እስኪፈጸም ድረስ እህል አይቀምሱም፤ መብሉ ከነጋ በኋላ በደጀ ሰላም ነው። ይህ ሥርዓት ለነፍስ የተሠራ ነው፤ ሆኖም ሌሊት ነቅቶ ማደርና ሌሊት መብላት የማይነጣጠሉ ነገሮች አለመሆናቸውን ለሥጋም ያሳያል።

እውነቱን ሳንሸሽግ ስንናገር ግን ሌሊቱን የጾመ ሰው ሁሉ ቀጥኖ አይኖርም። ጧት በዝክሩ ቤት ዳቦው ከተቈረሰ፥ ጠላው ከተቀዳ፥ አረቄውም ከተከተለ፥ በሌሊቱ ትዕግሥት የተገኘው ጥቅም በአንድ ማዕድ ይጠፋል። አንድ ግራም አልኮል 7 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ አንድ ግራም ስብ 9፥ አንድ ግራም የእህል ስታርች 4 ያህል ነው። ስለዚህ በአረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ከእህል ይልቅ ወደ ስብ የቀረበ ነው፤ ከዚያም በላይ ሌሊት የነቃው ሰው ቀን የሚተኛውን እንቅልፍ ያውክበታል።

በዚያው አገር በሌሊት ተራ የምትሠራ አንዲት አስታማሚ የምትኖርበትን ልማድ አጫውታናለች። «እኅቴ፥ አንቺስ እንዴት ትችዪዋለሽ?» ብንላት፥ «ራቴን ሳይመሽ እበላና ወደ ሥራዬ እገባለሁ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ነው» አለችን። ራቷም የገብስ እንጀራ በሽሮ ወይም በባቄላ፥ ከጎመን ጋር ነው። ቡና ብትጠጣ ከእኩለ ሌሊት በፊት አንድ ስኒ ብቻ ነው፤ የቡናው ኃይል ብዙ ሰዓት በሰውነት ይቈያልና የጧቱን እንቅልፍ እንዳይነሣት ትጠነቀቃለች። ረኃቡ ከበረታባት አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ታሽራለች፤ ወይም ስኳር የሌለበት በሶ በጨው ትበጠብጣለች። ከነጋ በኋላ ጥቂት ቀምሳ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርዳ ትተኛለች። ከሰዓት በኋላም ተነሥታ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች።

የዚህች ሴት ልማድ ከሊቃውንቱ ምርመራ ጋር ይስማማል። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል የአሠር ዐይነት አለው፤ ይህም በሆድ ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ባቄላና አተር ሥጋን የሚያጸና ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ የጥጋብንም ስሜት ያቈያሉ። ድንች በ1858 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን ሺምፐር በሚባል የጀርመን ተወላጅ የዕፀዋት ሊቅ ወደ አገራችን እንደ ገባ ይነገራል፤ ዛሬ ግን የደጋው ሰው ዋና ደጋፊ ነው። ድንች ተቀቅሎ በልክ ቢበላ ጥሩ መብል ነው፤ በዘይት ተጠብሶ በእኩለ ሌሊት ቢበላ ግን ሸክም ይሆናል።

እንግዲህ ሌሊት ለሚሠራ ሰው የሚበጀው ይህ ነው። ዋናውን መብል ከሥራ በፊት፥ ከማታው 12 ሰዓት አካባቢ ይብላ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ፥ ቢችል ከውሃ በቀር አይቅመስ፤ ካልቻለ በጥቂት ቆሎ ይወሰን። ሻዩን ያለ ስኳር ይልመደው፤ በአንድ ቀን መተው ቢያቅተው በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንስ። ከሥራ ሲወጣ በባዶ ሆድ እንዳይተኛ ጥቂት ይብላ፤ በጨለማ ክፍልም ሰባት ሰዓት ያህል ይተኛ። ክብደቱን በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘን፤ ሚዛን ካጣ ወገቡን በአንድ ገመድ ይለካ፤ ገመዱ አይዋሽም። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰውና ነፍሰ ጡር ግን ከሐኪም ሳይማከሩ የመብል ሰዓታቸውን አይለውጡ።

በአገራችን «ወፈርህ፤ ተመቸህ» ማለት ለረጅም ዘመን የምስጋና ቃል ሆኖ ኖሯል። ረኃብ ብዙ ጊዜ በጐበኘው አገር ይህ ቢባል አያስደንቅም። ነገር ግን ሌሊት እየነቃ በዳቦና በስኳር የሚወፍር ሰው ተመችቶት አይደለም፤ እንዲያውም ውፍረቱ የድካሙ ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በውፍረቱ ማመስገንም በሆዱ መቀለድም አይገባም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ሌሊት የሚያድር ሠራተኛ በእጃችሁ ሥር አላችሁ። ተራውን የምታወጡ ሹማምንት አንዱን ሰው ዛሬ በቀን፥ ነገ በሌሊት እያደረጋችሁ ሰውነቱን አታናውጡበት። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተረጋግቶ የሚበላበትን ጊዜ፥ ሌሊትም የሚጠጣውን የፈላ ውሃና ብርድ የሚከለክል መጠለያ ስጡት። የቤት እመቤቶችም ለዘበኛው የሚላከውን ራት ሰው ሁሉ በልቶ ከጨረሰ በኋላ፥ በእኩለ ሌሊት የምታደርሱ እንደ ሆነ፥ ከቤተ ሰቡ አስቀድማችሁ ስጡት። ለዚህ አዲስ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሰዓት ለውጥ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ዛሬ ማታ በራችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት በደጅ የሚያድረው ሰው ራቱን በልቶ እንደ ሆነ ጠይቁት።