ፀሐይ ሞልታ ሳለች

አዲስ አበባ ተቀምጦ የፀሐይ ቪታሚን ጎደለው ሲባል የሚሰማ ተማሪ መሳቁ አይቀርም፤ «ዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚወጣበት አገር!» ይላል። ጎደለው የተባለው ሰው እኔ ስለ ሆንሁ፥ ውድ አንባቢ፥ ነገሩን ላስረዳ።

የያዘኝ የክሮን በሽታ ነው። ሐኪሞች መጀመሪያ የጠረጠሩት የአንጀት ቲቢ ነበር፤ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ክሮንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1932 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ጽፈው ያሳወቁት ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው የቀጭኑን አንጀት መጨረሻ ነው። የሰውነት መከላከያ ኀይል በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሣል።

ቪታሚን ዲስ? ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይሠራዋል። ነገር ግን ጠቆር ያለ ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በመስኮት መስተዋት ያለፈ ፀሐይም ለዚህ አይረባም። እኛ ደግሞ ከክፍል ወደ ላይብረሪ የምንመላለስ ሰዎች ፀሐይዋን የምናያት በመስተዋት ነው። ምች እንዳይመታው ተጠቅልሎ ቤት የሚውል ሕፃን እግሩ የሚጎብጠውም በዚሁ ፀሐያም አገር ነው። ከምግብ እንዳናገኘው ሽሮና እንጀራ የላቸውም፤ ያለው በቅባታም ዓሣና በእንቁላል አስኳል ነው። የተበላውም ከቅባት ጋር በቀጭኑ አንጀት በኩል መግባት አለበት፤ የእኔ ደግሞ በሩ ቆስሏል።

እንግዲህ የቪታሚኑ ማነስ በሽታውን አመጣው ወይስ በሽታው ቪታሚኑን አሳነሰው? ወዳጆቼ የሚዘሉት ይህን ጥያቄ ነው። የታመመ ሰው አልጋ ላይ ይውላል፥ ጥቂት ይበላል፥ ከበላውም ጥቂት ያስቀራል፤ ቍጥሩ ዝቅ ቢል ምን ያስደንቃል? በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ የዴንማርክ ጥናት፥ ሕመሙ ጋብ ካለላቸው 94 የክሮን ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ለአንድ ዓመት በየቀኑ 1,200 ዩኒት ቪታሚን ዲ ወሰዱ፤ የቀሩት መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። ቪታሚኑን ከወሰዱት በ6፥ ካልወሰዱት በ14 ሰዎች ላይ ሕመሙ ተመለሰ። ደስ ያሰኛል! ግን ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ላለመሆኑ የሚጠየቀውን የስታቲስቲክስ መለኪያ ለጥቂት አላለፈም።

አጎቴ «ኪኒኑን ጥለህ ፀሐይ ሙቅ» ይሉኛል። ቪታሚኑን እወስዳለሁ፤ ለአንጀት የሚሰጠኝ ስቴሮይድ አጥንት ያሳሳልና። ከልክ ካለፈ ግን በደም ውስጥ ካልሲየም አብዝቶ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስለዚህ በሐኪም መጠን ነው፤ ዋናውንም መድኃኒት አልጥልም። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼም በማለዳ ወደ ሣሩ ከሚጎትቱኝ፥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ ስለሚጠፋበት የፎቃችን ሽንት ቤት አብረውኝ ቢጮኹ ይሻለኛል።