ከብቸና የብረት ሱቅ እስከ ሞጣ ወናፍ

ዛሬ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ይዘናችሁ እንሄዳለን። መጀመሪያ ብቸና እንገባለን፤ ከዚያ ሞጣ እንደርሳለን። የምናየው ቤተ መንግሥት ወይም ሐውልት አይደለም። የምናየው ብረት ነው። ብረት የሌለበት ቤት የለም። ማረሻ የማይገባበት የጤፍ ማሳም የለም።

በብቸና

ብቸና የደረስነው በገበያ ቀን፣ በጧት ነው። የብቸና አካባቢ መሬት አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ጤፍና ስንዴ ያበቅላል። ገበሬው እህሉን ጭኖ ይመጣል። እህሉን ሸጦ ሲመለስ አንዱ ማረሻ ይይዛል፤ አንዱ ሚስማር ይቋጥራል፤ አንዱ ደግሞ ቆርቆሮ በጋሪ ያስጭናል።

እኛም ሰው ወደ በዛበት አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ገባን። ሱቁ የአንድ ቤተሰብ ነው። አያት ጀመሩት፤ አባት አሰፉት። ዛሬ የያዙት የልጅ ልጃቸው ናቸው። ሴትየዋ «ስሜን አትጻፉ፤ ሥራውን ጻፉ» አሉን። ስለዚህ እትዬ እያልን እንጠራቸዋለን።

«አያቴ ሱቅ አልነበራቸውም» አሉ እትዬ። «ሚስማርና መርፌ ከደብረ ማርቆስ በበቅሎ እያመጡ፣ መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። ኋላ ይችን ክፍል ሠሩ። ጣሪያዋ ሣር ነበር። አባቴም ቆርቆሮ መሸጥ የጀመሩት በሣር ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነው!» ብለው ሳቁ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ዕቃው ግን ብዙ ነው። ግድግዳው ላይ ምሳር፣ ዶማ፣ መጋዝና ማጭድ ተሰቅሏል። መደርደሪያው ላይ ማጠፊያና ቁልፍ አለ። ጥግ ላይ ሽቦ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሚስማሩ በኪሎ ይመዘናል።

ትልቁ ቁጥር ስሱ ነው

እኛ ዕቃውን ስናይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገቡ።

«20 ቆርቆሮ ስጭኝ» አሉ።

«እሺ አያ። ስንት ጌጅ ይሁን?»

«ወፍራሙ ይሁን። ትልቁን ቁጥር ስጭኝ።»

እትዬ ቆርቆሮውን ሊያነሱ ዘርግተውት የነበረውን እጃቸውን መለሱ። «ይቆዩ አያ» አሉ። «ቆርቆሮ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጌጅ ማለት የውፍረቱ መለኪያ ነው። ቁጥሩ ሲተልቅ ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35 ስስ ነው። ባለ 32 ከሱ ይወፍራል። ባለ 28 ደግሞ ከሁለቱም ይወፍራል።»

ሽማግሌው ደንግጠው ቆሙ። «ለካስ ጎረቤቴን የጎዳው ይኸ ነው!» አሉ። «አንድ መንገደኛ ነጋዴ ባለ 35 ሸጠለት። ‹ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ወፍራም ነው› ብሎ የወፍራሙን ዋጋ ተቀበለው። ክረምት ሲገባ ነፋሱ እንደ ወረቀት አጠፈበት። ልጆቹን ይዞ እኛ ቤት ከረመ።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ቆርቆሮው ላይ የታተመውን ቁጥር በጣታቸው ነኩት። ቀስ ብለው «ሠላሳ» ብለው አነበቡ። «በሉ ይኸን ስጭኝ። እንግዲህ ራሴ አይቼዋለሁ» አሉ።

እትዬ ለእኛም አስረዱን። ለቤት መሥሪያ በሚሆነው ፌሮ ላይ ቁጥሩ እንደ ቆርቆሮው አይደለም። ባለ 8 ፌሮ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር ነው፤ ባለ 12 ከሱ ይወፍራል። በሚስማር ላይ ደግሞ ቁጥሩ የርዝመት ነው። ባለ 10 ሚስማር ከባለ 6 ይረዝማል። እንግዲህ ቁጥሩን ማንበብ ብቻ አይበቃም። ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ መጠየቅም ያስፈልጋል።

በር ላይ የቆመው ሰው

ከጣሪያው ሥር ጥቋቁር ማረሻዎች ተንጠልጥለው አየን። «እነዚህ ከፋብሪካ የመጡ ናቸው?» ብለን ጠየቅን።

«የለም» አሉ እትዬ። «የሞጣ ሰው ሥራ ናቸው። አባታቸው ለአባቴ ይሠሩ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ለእኔ ይሠራሉ። ቀጥቃጭ ናቸው።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ድሮ አባታቸው ማረሻ ሲያመጡ እዚህ በር ላይ ቆመው ነበር የሚያስረክቡ። ሰው ቡዳ ናቸው እያለ ይሸሻቸው ነበር። አንድ ቀን አባቴ ‹ይግቡ፤ ቡና ይጠጡ› አሏቸው። በዚያ ሳምንት ደንበኞች ቀሩብን። እናቴም ፈራች። አባቴ ግን ‹በሳቸው ማረሻ የታረሰ እንጀራ እየበላን፣ እሳቸውን በር ላይ ማቆም ነውር ነው› አሉ።»

ወደ ሞጣ እንደምንሄድ ስንነግራቸው፣ እትዬ ገንዘብ ቆጥረው ከአንድ ወረቀት ጋር ሰጡን። «የማረሻና የማጭድ ዋጋ ነው፤ አደራ» አሉን።

በሞጣ

በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አድርገን ሞጣ ገባን። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. የተሰበረው ቦታ በብረት ተጠገነ፤ ጎርፍ ግን ወሰደው። በኋላ በ2001 ዓ.ም. ገደማ በወፍራም የብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ብረት እርሻ ብቻ ሳይሆን መንገድም ነው።

ቀጥቃጩን ያገኘናቸው ከወናፋቸው አጠገብ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ይበልጣል። ወናፉ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ነው። ልጃቸው በሁለት እጁ እያፈራረቀ ይነፋል፤ ከሰሉም ይፋፋማል። ድሮ በአገራችን የብረት ድንጋይ ይቀለጥ ነበር። አሁን ግን ብረቱ የሚመጣው ከአሮጌ መኪና ነው። እሳቸውም የመኪና ባሌስትራ በእሳት አግለው፣ በጉጠት ይዘው፣ መስፍ ላይ ይቀጠቅጡታል። ሲሾል ውኃ ውስጥ ይነክሩታል። ጢስ ብሎ ይጮኻል። ማረሻ ሆነ ማለት ነው።

የጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ማረሻውም ይደንዛል፤ ተመልሶ እዚሁ ይሳላል። ቀጥቃጩ አንድ ወር ሥራ ቢተዉ ስንት ጥማድ በሬ ሥራ ይፈታል!

ሆኖም ይህን ሙያ ሰው ሲሰድበው ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከሁሉም አፍ አልጠፋም። «ልጄን ትምህርት ቤት ቡዳ አሉት» አሉን ቀጥቃጩ። «ማታ መጥቶ ወናፉን አልነካም አለኝ። አልተቆጣሁትም። ‹ነገ ማረሻ የሚያስሉት የማን አባቶች እንደሆኑ ቁመህ እይ› አልሁት። በማግስቱ ቁሞ አየ፤ ከዚያ ተቀምጦ ነፋ።»

ወረቀቱ

የእትዬን አደራ ሰጠናቸው። ልናነብላቸው ስንል «ኧረ እኔው አነበዋለሁ» አሉ። የማንበብ ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ጎረምሳ ነበሩ። ቀን ብረት እየቀጠቀጡ፣ ማታ ፊደል ቆጠሩ። «አባቴ ሒሳቡን ግድግዳ ላይ በከሰል ይጭሩት ነበር» አሉን። «ዝናብ ግድግዳውን ሲያጥበው ገንዘባቸውም አብሮ ይታጠብ ነበር።»

ወረቀቱ «12 ማረሻ፣ 8 ማጭድ» ይላል። እሳቸውም አንብበው ደብተራቸውን ገለጡ። ጥቂት ቆዩና «ልክ አይደለም» አሉ። እኛም ደነገጥን። ገንዘቡ ጎደለባቸው ብለን ነበር።

«የላክሁት 11 ማረሻ ነው። የአንዱን ዋጋ አስበልጠው ልከዋል» አሉና ገንዘቡን ቆጥረው መለሱልን። በወረቀቱ ጀርባም በጥቁር ጣታቸው «ማረሻው 11 ነው። ትርፉ ይኸው» ብለው ጻፉ።

ስንመለስ በብቸና አለፍን። እትዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መዝገባቸውን አውጥተው 12ን ሰርዘው 11 ጻፉ። ከዚያ «አባቴ ያን ቡና ለማን እንዳፈሉ ያውቁ ነበር» አሉ።

አንብባችሁ ተወያዩ

1. ባለ 28 ቆርቆሮና ባለ 32 ቆርቆሮ ቢቀርብላችሁ፣ የትኛው ይወፍራል?
2. እናንተ በምትኖሩበት አካባቢ በሙያው የሚሰደብ ሰው አለ? ይህን ሰው ቤታችሁ ጠርታችሁ ቡና አጠጥታችሁት ታውቃላችሁ?