ከቄራ እስከ ጀሞ፦ የእናቶቻችን የፀጉር ቅጠል

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ፣ በነፋስ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የቴሌግራፍ ጣቢያ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የቄራ ግርግር፣ የመካኒሳ ግቢዎች፣ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከቄራ ተነስቶ ወደ ጀሞ ለሚወርድ ሰው ግን ይህን ሰፈር በአፍንጫም ማወቅ ይቻላል። አንዱ ጋ ለጋ ቅቤ፣ አንዱ ጋ ጤና አዳም፣ ሌላው ጋ የጥብስ ቅጠል ይሸታል። ቅዳሜ ለብዙ ቤተሰብ የልጆች ፀጉር የሚፈታበት፣ የሚታጠብበትና ለሳምንቱ የሚሠራበት ቀን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ "የልጄ ፀጉር አልረዝም አለ፤ ምን ቅጠል ላድርግላት?" የሚል ጥያቄ በእናቶች ዘንድ የተለመደ ነው። መልሱን ፍለጋ በዚሁ መንገድ አብረን እንውረድ።

ቄራ የሚታወቀው በከብት ማረጃው ቢሆንም ቅቤ ገዢም አያጣውም። ቅቤ የሚያውቅ ሰው ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ብሎ ይለያል። በሳሉ ለወጥ፣ ለጋው ለራስ ነው። እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ለራስ የመረጡት በሽታው ብቻ አይደለም። የተጠቀለለ ፀጉር ከራስ ቅል የሚወጣው ተፈጥሯዊ ቅባት እስከ ጫፉ ስለማይደርስለት በባሕርይው ደረቅ ነው። የደረቀ ፀጉር ይሰባበራል። ቅቤው ፀጉሩን ሸፍኖ እርጥበቱን ይይዝለታል። ነገር ግን ቅቤ ተቀብቶ ለሳምንታት ካልታጠበ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታል፣ የራስ ቆዳንም ያሳክካል። ስለዚህ ቅቤ ባለበት ቤት ሁሉ ማጠቢያ ያስፈልጋል። የቅጠል ውሃ ቦታም እዚህ ላይ ነው።

ማጠቢያው እንደየአገሩ ይለያያል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረርና በሶማሌ፣ የቁርቁራ ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ ቀሲል በሚል ስም ይታወቃል፤ በውሃ ሲለወስ አረፋ ስለሚያወጣ ፊትም ፀጉርም ይታጠቡበታል። በደጋው ደግሞ ለልብስ እንዶድ ነበር፤ ስንት ጋቢና ነጠላ የነጣው በእርሱ ነው። ሆኖም እንዶድ ብርቱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያ ተነስተው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ያደረጉት ምርምር በዓለም የታወቀ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል አረፋ የሕፃን ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። "የተፈጥሮ ነው" ማለት "አይጎዳም" ማለት እንዳልሆነ ከእንዶድ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ከቄራ በጎፋ አድርገን ወደ መካኒሳ እንለፍ። በዚህ አካባቢ ግቢ ያላቸው ቤቶች አሁንም አሉ፤ በአጥሩ ሥር ጤና አዳም፣ አሪቲና ጠጅ ሳር የተከሉ አይጠፉም። መንገድ ዳር ቅጠል የሚሸጡ አንዲት እናት ጤና አዳም ሳነሳ "ለቡና ነው ለራስ?" ብለው ጠየቁኝ። ለራስ አልኳቸው። "እንግዲያው ጥቂት ይበቃሻል የኔ ልጅ፤ ሲበዛ ያቃጥላል። ታጥበሽም ፀሐይ ላይ እንዳትወጪ" አሉኝ።

እኚህ እናት የተናገሩት የቆዳ ሐኪሞች የሚያውቁት ነው። ጤና አዳም ውስጥ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ። ጭማቂው ነክቶት ፀሐይ ያገኘው ቆዳ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሊቀላ፣ ሊያብጥና ውሃ ሊቋጥር ይችላል፤ ጠባሳውም ይቆያል። ሎሚም ያው ነው። ልጆች ታጥበው ወዲያው ፀሐይ ላይ ስለሚሮጡ፣ ጤና አዳምና ሎሚ ለልጅ ራስ ባይደረጉ ይመረጣል።

ከጀርመን አደባባይ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ስንታጠፍ የላፍቶ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ አለ። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በኮቪድ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደዚህ የተዛወረ ነው። በአትክልት ገበያ ከቃሪያና ከቆስጣ አጠገብ የጥብስ ቅጠል በእስር ይሸጣል። ሌላው ዓለም ሮዝመሪ የሚለው ይኸው የእኛ የጥብስ ቅጠል ነው። በአሁኑ ጊዜ በየስልኩ ላይ ስለ ፀጉር የሚወራው አብዛኛው ወሬ ስለ እርሱ ነው።

ወሬው ከየት መጣ? በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኢራን ጥናት በዘር ምክንያት ፀጉራቸው የሚሳሳ 100 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን የሮዝመሪ ዘይት፣ ግማሾቹን ሚኖክሲዲል የተባለውን መድኃኒት በ2 ፐርሰንት መጠን ለስድስት ወር አስቀባቸው። በሦስተኛው ወር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በስድስተኛው ወር በሁለቱም ወገን የፀጉሩ ቁጥር ጨመረ። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ነገር ግን ጥናቱ የተሠራው በዘይቱ ነው፣ በተቀቀለ ቅጠል ውሃ አይደለም። በአዋቂዎች ላይ ነው፣ በልጆች ላይ አይደለም። በዘር በሚሳሳ ፀጉር ላይ ነው፣ በሚሰባበር ፀጉር ላይ አይደለም።

የብዙ ልጆቻችን ችግር ደግሞ መሰባበር ነው። ፀጉር በወር በአማካይ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ያድጋል። "አልረዝም አለ" የሚባለው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ እያደገ ነው፤ ከሥር ያደገውን ያህል ከጫፍ ስለሚቆረጥ ግን ርዝመቱ ባለበት ይቆማል። ከራስ ቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ምግብ አይበላም፣ ራሱን አይጠግንም። ቅጠል ሊያሳድገው አይችልም። የቅጠል ውሃ ሥራ ፀጉሩን ማለስለስ፣ እንዳይጠላለፍና እንዳይበጠስ ማድረግ ነው። ቅጠሉ ፀጉር አያስረዝምም፤ የረዘመውን ያቆያል።

ይህን ከተረዳን እናቶቻችን የሚያውቋቸው ሦስት ማጠቢያዎች ቦታቸውን ይይዛሉ።

የመጀመሪያው የጥብስ ቅጠል ነው። አንድ እፍኝ ቅጠል በአንድ ሊትር ውሃ ጣል አድርጎ ሲፈላ ማውረድ፣ ከድኖ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ማጥለልና ማቀዝቀዝ። በሳሙና ወይም በሻምፑ ከታጠቡ በኋላ በመጨረሻ ያፈሱታል። ሽታው ደስ ይላል፤ የራስ ቆዳንም ያፍታታል።

ሁለተኛው አብሽ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ አብሽ በግማሽ ሊትር ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር። ጠዋት የሚያሟልጭ ውሃ ይወጣዋል፤ እርሱን አጥልሎ ፀጉሩን ማዳረስ፣ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። በደንብ ካልለቀለቁት ሽታው ሰኞ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተላል።

ሦስተኛው ተልባ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ተልባ በግማሽ ሊትር ውሃ እያማሰሉ አሥር ደቂቃ ያህል ማፍላት። እንደ እንቁላል ነጭ ሲወፍር ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ ማጥለል ነው፤ ከቀዘቀዘ ጨርቁን አያልፍም። ሹሩባ ከመሠራቱ በፊት ሲቀባ ፀጉሩን ያንሸራትተዋል፣ ለሠሪዋም እጅ ይመቻል።

ሦስቱም የወጥ ቤት ነገሮች ናቸው፤ ሳይበላሹ የሚቆዩትም እንደ ወጥ ቤት ምግብ ነው። በማቀዝቀዣ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩ ጥቂት በክንድ መታጠፊያ ላይ ቀብተው አንድ ቀን ይጠብቁ። ካሳከከ ወይም ከቀላ ይተዉት።

ጀሞ ደርሰናል። እዚህ ግቢ የለም፤ ጤና አዳምና በሶብላ በረንዳ ላይ በባልዲና በጣሳ ይበቅላሉ። የፀጉር ነገር ሲነሳ ውሃም ይነሳል። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤተሰብ የፀጉር ቀኑን የሚወስነው በቧንቧው ነው፤ ጀሪካን ሞልቶ ቅዳሜን ይጠብቃል። በተጨማሪ የጉድጓድ ውሃ ኖራ ሊበዛበት ይችላል። የቤትዎ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ያው ነጭ ነገር በፀጉር ላይም ይቀራል፤ ሳሙናው አረፋ አይሰጥም፣ ፀጉሩ ይሻክራል። የቅጠል ውሃ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው። ውሃው ሲፈላ ኖራው በከፊል ከሥር ይዘቅጣል፤ ከላይ የተቀዳው ይለሰልሳል። አያቶቻችን ለመጨረሻው ማለቅለቂያ የክረምት ውሃ ማጠራቀማቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

በጀሞ ቅዳሜ ከሰዓት በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ነገር ይታያል። ከክፍለ ሀገር ልጆቻቸው ዘንድ የመጡ አያት ወንበር ላይ፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ እግራቸው ሥር ዱካ ላይ። "እማማ አመመኝ" ትላለች ልጅት። "ቆይ የኔ እናት፣ ከጫፉ ልጀምርልሽ" ይላሉ አያት። ይህች አንዲት ቃል ከቅጠሉ ሁሉ ትበልጣለች። የተጠላለፈ ፀጉር ከሥር ወደ ጫፍ በሚዶ ሲጎተት ይበጠሳል፤ ጥርሱ በሰፋ ሚዶ፣ እርጥብ ሳለ፣ ከጫፍ እየተፈታ ወደ ሥር ሲወጣ ግን ይተርፋል። ሌሊት በሻሽ መሸፈንም እንዲሁ ነው። ሹሩባም ቢሆን ጠብቆ ሲሠራ ግንባሯ ላይ ያለው ፀጉር ይሳሳል፤ ይህ ለዓመታት ከተደጋገመ ሥሩ ስለሚጎዳ ላይመለስ ይችላል። "አመመኝ" ስትል ሹሩባው ጠብቋል ማለት ነውና ይፈታላት።

ቅጠል የማይደርስበት ነገርም አለ። ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ የሚቀረፍና የሚያሳክክ ራስ ጭርት ሊሆን ይችላል። የራስ ጭርት በልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ በጋራ ሚዶና በጋራ ኮፍያ ይተላለፋል። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ በውጭ የሚፈስ ነገር አይደርስበትም፤ በሐኪም የታዘዘ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ለስላሳ ሆኖ በድንገት የሚመለጠው ላሽም የሐኪም ጉዳይ ነው። በቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል ከዚህ ሰፈር ብዙም አይርቅም። በቅጠል የሚባክን እያንዳንዱ ወር ለልጅቷ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

የቅዳሜው ዱካ ሌላም ነገር ይከላከላል። ልጆች ፀጉራቸው "አስቸጋሪ" ነው ሲባሉ እየሰሙ ካደጉ በኬሚካል ማስተኛት የሚጀምሩት ቶሎ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ገደማ ተከታትሎ፣ የፀጉር ማስተኛ ኬሚካል አዘውትረው በሚጠቀሙት ላይ የማህፀን ካንሰር ከሌሎቹ በበለጠ እንደታየ ዘግቧል። ጥናቱ ኬሚካሉ መንስኤ መሆኑን አላረጋገጠም፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ላለመቸኮል በቂ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት እጆች ልኬታቸውን በወረቀት አልጻፉትም። "ትንሽ"፣ "እስኪያሟልጭ"፣ "እጅ ሲችለው" ይላሉ እንጂ ግራም አይሉም። የእናትዎ ወይም የአማትዎ እጅ በቤትዎ ካለ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንኪያና ደብተር ይዘው አጠገባቸው ይቀመጡ። ምን ያህል፣ ስንት ደቂቃ፣ ለማን አይደረግም ብለው ይጠይቁ። በተለይ የመጨረሻውን አይርሱት። የቅጠሉን ስም ስልኩም ይነግረናል፤ ለማን እንደማይደረግ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።