ኪሳችን ውስጥ የደበቅነው ካርድ



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትተናል። ስለ መንግሥት ስሕተት መጻፍ ቀላል ነው፤ ስለ ሌላ ቤተ እምነት ስሕተት መጻፍ ደግሞ ከዚያም ይቀላል። እኛ ግን የምንጽፈው ስለ ራሳችን ነው፤ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ብዙም ሳይርቅ ባለች አንዲት አጥቢያ ስለምናገለግል አራት ሰዎች። ሁለታችን መጋቢዎች ነን፤ አንዳችን ወንጌላዊ፣ አንዳችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ።

የኮሮና ዘመን አሁን እንደ ሕልም እየራቀ ነው፤ ግን ብዙዎቻችሁ አትረሱትም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ተገኘ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ወዲያው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ እንደ ወርቅ ተወደዱ። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አምልኳችን ወደ ቴሌግራም ገባ፤ የትንሣኤን በዓል እያንዳንዳችን በየቤታችን በስልክ መስኮት እየተያየን አሳለፍነው።

ያን ጊዜ አጥቢያችን አንድ ነበረች። የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የአንድ ወር ጸሎት ሲያውጅ ሁላችንም በየሳሎናችን ተንበረከክን። በኋላ የለያየን በሽታው ሳይሆን ስለ በሽታው የሚነገረው ነገር ነው።

ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊካሄድ የታሰበው አገራዊ ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ተራዘመ። ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሕገ መንግሥት ትርጉም የመንግሥትን የሥልጣን ዘመን አራዘመው። ከዚያ በኋላ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሁለት ወንድሞች ስለ አንድ በሽታ ሁለት ታሪክ ይነግሩን ጀመር። አንዱ «መንግሥት ሕዝቡን ለማዳን የሚገባውን አደረገ» ይላል። ሌላው «በሽታው ለሥልጣን ማራዘሚያ መጣላቸው» ይላል። ይህኛው ወንድም የጤና ሚኒስትሯ ዶ/ር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ የሚያወጡትን የታማሚ ቁጥር ማመን አቆመ። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ባሰ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም የእኛው አገር ሰው ናቸውና፣ ድርጅቱ ስለ ጤና የሚናገረውን ቃል ሰው የሚመዝነው በፖለቲካ ሚዛን ሆነ። ቁጥሩን ያላመነ ሰው መርፌውን እንዴት ያምናል?

መርፌው መጣ። የካቲት 28 ቀን 2013 በኮቫክስ በኩል 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኒካ ክትባት ቦሌ ገባ። መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በይፋ መሰጠት ተጀመረ፤ በቅድሚያ ለጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎም ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው። በሁለተኛው ቀን ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣልያን ይህንኑ ክትባት ከደም መርጋት ጋር በተያያዘ ሥጋት ለጊዜው አገዱት። የአጥቢያችን የቴሌግራም ቡድን እንደ ቀፎ ተናወጠ። «ነጮቹ የጣሉትን ለእኛ» አለ አንዱ። በዚያው ሳምንት የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ማስታወቁንና አገሮቹም መልሰው መከተብ መጀመራቸውን ግን የላከ ሰው አልነበረም። እኛ አይተነዋል፤ እኛም አልላክነውም።

ወዲያው የራእይ ምዕራፍ 13 መጣ። ክትባቱ በቀኝ እጅ ላይ የሚደረገው ምልክት ነው፣ 666 ነው፣ በውስጡ የሚከታተል ቺፕ አለ የሚሉ ቪዲዮዎች፤ መካን ያደርጋል የሚሉ ድምፆች፤ አንዳንዶቹም በእኛው ቋንቋ፣ በእኛው መዝሙር ታጅበው። ከአራታችን ሁለታችን መካኒሳ አንድ የሥነ መለኮት ኮሌጅ የተማርን ነን፤ በራእይ መጽሐፍ ላይ አንድ ሙሉ መንፈቅ ዓመት ተቀምጠን ተምረናል፤ ምልክቱ በመጽሐፉ ውስጥ ከአምልኮ ጋር የተያያዘ እንጂ ሳያውቁት በመርፌ የሚገባ ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን። ይህን ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ይበቃን ነበር። ሃያ ደቂቃውን አልሰጠንም።

ለምን? እውነቱን እንናገር። ፈራን። «ተከተቡ» ብንል የመንግሥት አፈ ቀላጤ እንባላለን፤ ምርጫው ሰኔ 14 ሊሆን ወራት ቀርተውታል፣ ሁሉ ነገር ወገን አለው። «አትከተቡ» ማለት ደግሞ ኅሊናችን አይፈቅድም። እናም መሐል ያለች የምትመች ቃል አገኘን፤ «ጸልዩበት»። በእኛ ቤት ይህች ቃል አንዳንድ ጊዜ ወደ ጸሎት መግቢያ ሳትሆን ከጥያቄ መውጫ በር ናት። በስብሰባችንም ወስነን በቃለ ጉባኤ አሰፈርነው፤ «ቤተ ክርስቲያን በክትባት ጉዳይ አቋም አትይዝም፤ ለምዕመናን ኅሊና ይተዋል።» ስንፈርም ጥበበኞች የሆንን መስሎን ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍረው ነገር እንግባ። አንዳችን ስኳር አለብን፣ ሁለታችን ደም ግፊት፤ ሰብሳቢያችን ሰባን አልፈዋል። አራታችንም ተከትበናል። አንዱ በሥራ ቀን ማለዳ ማንም ሳያየው በሰፈሩ ጤና ጣቢያ። ሌላው የሚያውቀው ሰው እንዳያገኘው በሚኒባስ እስከ ሳሪስ ሄዶ። ማስኩ ያን ቀን ከበሽታው ይልቅ ከምዕመናን ዐይን ከለለን። ካርዱን በኪሳችን ይዘን ተመለስን፤ እርስ በርሳችን እንኳ አልተነጋገርንም። እያንዳንዳችን የተከተብነው እኛ ብቻ መስሎን ነበር።

በዚያ ሰሞን፣ በግንቦት ወር፣ ከረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም በኋላ አንዲት እናታችን ጠበቁን። ስማቸውን አንጽፍም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ያውቃቸዋል። ከእንጦጦ ሥር እንጨት ተሸክመው ልጆች ያሳደጉ፣ ማንበብና መጻፍ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተማሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ወለል ያለ ማንም ትእዛዝ የሚጠርጉ ሴት ነበሩ። «እስቲ ልጆቼ» አሉን፣ «ይህን መርፌ ልጄ ተወጊ ትለኛለች፣ ጎረቤቴ አይሆንም ትለኛለች። እኔ የማውቀው የለኝም። እናንተ ካላችሁኝ እወጋለሁ፤ ካላላችሁኝ እተወዋለሁ።»

ከመካከላችን ሁለታችን እዚያ ነበርን። ሁለታችንም ካርድ በኪሳችን ነበር።

«ይጸልዩበት እማማ» አልናቸው።

እሳቸውም እሺ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ጸልየውበት እንደነበረ እርግጠኞች ነን፤ የነገሩዋቸውን የሚያደርጉ ሰው ነበሩ።

በነሐሴ መጨረሻ ታመሙ። ያ ወቅት ዴልታ የተባለው ዝርያ የበረታበት ነው፤ በከተማዋ ኦክስጅን ያለው አልጋ ማግኘት ዕጣ እንደ ማግኘት ነበር። ልጃቸው ሁለት ቀን ሙሉ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር አብረናት ዞረናል፤ ስልክ ደውለናል፣ ሲሊንደር በላዳ ጭነናል። ጌታ በመስከረም መጀመሪያ ወሰዳቸው። ቢከተቡ ኖሮ ይተርፉ ነበር ማለት አንችልም፤ የሰው ዘመን በጌታ እጅ ነው፤ የተከተቡም ሞተዋል። ግን በዚያ ረቡዕ ማታ የሚያውቁትን እንዲነግሯቸው የለመኗቸው ሰዎች የሚያውቁትን አልነገሯቸውም። ይህን ማንም ዴልታ ሊሸከምልን አይችልም።

ከለቅሶው በኋላ አራታችን ቢሮ ውስጥ ተቀመጥን። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ወንጌላዊው ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሰብሳቢያችን የሳቸው ቤት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንደ ዕልባት ገብቶ እንደሚገኝ ነገሩን። ሳቅ ቢጤ አመለጠን፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

መሪዎችን ስንወቅስ ነበር እኮ! መንግሥት ግልጽ አይደለም ስንል። ሀብታም አገሮች ለሕዝባቸው ከሚበቃው በላይ ክትባት አዝዘው ሲያከማቹ፣ ሕንድ የራሷ ሕዝብ ሲያልቅባት ወደ ውጭ መላክ አቁማ የእኛ ሰው ሁለተኛውን መርፌ ሲጠብቅ፣ «የዓለም መሪዎች የሚያስቡት ለራሳቸው ነው» ብለን ከመድረክ ጭምር ተናግረናል። ወቀሳው እውነት ነው፤ ዛሬም አናነሣውም። ነገር ግን ለራሳችን ወስደን ለመንጋው ዝም ያልን እኛ ከዚያ በምን እንለያለን?

ኅዳር 12 ቀን 2014 እሑድ ዋለ። በዚያ ወር አገር አቀፍ የክትባት ዘመቻ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንመጣ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል፤ ልጆች በየደጁ ቆሻሻ እያቃጠሉ ነው። ኅዳር ሲታጠን ነውና። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር አዲስ አበባን ያጠቃው የእንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ መታሰቢያ መሆኑን ከሚያቃጥሉት ልጆች ስንቱ ያውቅ ይሆን? አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነበር የተረፉት። በሽታ ቤተ መንግሥትና ጎጆ እንደማይለይ ከተማችን ከመቶ ዓመት በፊት አይታዋለች። ጭሱ ልብሳችን ላይ እንዳለ ወደ መድረክ ወጣን፤ አራታችንም አንድ ላይ።

2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 7ን አነበብን። ሰማርያ ተከብባ በራብ ስታልቅ፣ ከበር ውጭ የነበሩ አራት ለምጻሞች ጠላት ጥሎት የሸሸውን ሰፈር አገኙ። በሉ፣ ጠጡ፣ ብርና ወርቁንም ወስደው ደበቁ፤ ተመልሰው ሌላም ደበቁ። ከዚያ ነው እርስ በርሳቸው ይህ ያደረግነው ትክክል አይደለም የተባባሉት። በዚህ ታሪክ እስከ ዛሬ ያላስተዋልነው ነገር ነበረ፤ ንጉሡ ዜናውን ሲሰማ አላመነም፣ ወጥመድ ነው ብሎ ጠረጠረ። ጥርጣሬው ሞኝነት አልነበረም፤ በጦርነት መካከል ያለ ሰው ይጠረጥራል። ግን ሰው ልኮ አስጣራ። የተጠራጠረ ሰው እንዲያጣራ የሚያስችለው ደግሞ አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ሲኖር ነው።

ካርዶቻችንን አሳየን። ያልናቸውንና ያላልናቸውን ተናገርን። ከዚያ ሰብሳቢያችን ኮታቸውን አውልቀው የሸሚዛቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰቡና ክንዳቸው ላይ ያለውን ክብ ጠባሳ አሳዩ። «ይህ የፈንጣጣ ነው» አሉ። «ያኔ ከታቢዎቹ ገጠር ድረስ በበቅሎ መጡብን። በጃንሆይ ዘመን፣ በ1963 ተጀመረ፤ ጃንሆይ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ መርፌው ግን አልተቋረጠም። በ1968 ነሐሴ የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚ ተመዘገበ። ይህን ምልክት ይዤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጌታን ያገኘሁትም ከዚህ ጠባሳ ጋር ነው።» ወጣቶቹ ሳቁ። በሃምሳዎቹ ያለን እኛም ሳናስበው ክንዳችንን ዳሰስን፤ የእኛም እዚያው ነበረ።

ሁሉም ደስ አላለውም። አንድ ቤተሰብ ስብከቱ ሳያልቅ ተነሥቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። አንድ ወንድም በሩ ላይ ጠብቆን «ምርጫው አልፏልና አሁን ደፈራችሁ» አለን። መልስ አልነበረንም፤ ግማሹ እውነት ነበረና።

ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ የእናታችን ልጅ መጣች። ማስኳን ወደ አገጯ አውርዳ ፊት ለፊታችን ቆመች።

«እማዬ ጠይቃችሁ ነበር ማለት ነው» አለች።

«አዎ።»

«ምን አላችኋት?»

ነገርናት። የተናገርናት ያችኑ አንዲት ቃል ነው፤ ሌላ ምንም አልጨመርንባትም።

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። በአጥሩ ላይ የኅዳር ጭስ ገና ያልፋል። ይቅርታ አላለችንም፤ እኛም በዚያ ሰዓት አልጠየቅናትም። ከዚያ የእናቷን ነጠላ ትከሻዋ ላይ መለሰችና «ጤና ጣቢያው ዛሬ ይሠራል?» አለች።

ለዘመቻው ብሎ ይሠራ ነበር። አብረናት ሄድን፤ ወረፋው ረጅም ነበር።