ማርሚታው ላይ የቀለጠው ፌስታል

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። እናቴ ለመፈሰኪያ የሚሆን እንጀራ ከሱቅ እንዳመጣ ላከችኝ። መኪናውን እህቴ ወስዳዋለች። ስለዚህ የአባቴን ሞተር ሳይክል አስነስቼ ወጣሁ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ግን የዚያን ቀን አላስፈቀድኩትም።

አባቴ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሞተሩን አይነዳም። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ በጨርቅ ይወለውለዋል። ከበዓሉ በኋላ አንድ ሰው ሊገዛው እንደሚመጣም አውቅ ነበር።

ሃያውን እንጀራ በትልቅ ፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ከኋላዬ መቀመጫው ላይ በጥድፊያ አሰርኩት። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ቆሜ ሳይ የፌስታሉ ጫፍ ተንሸራቶ የጭስ ማውጫው ላይ ቀልጧል። እንጀራው ተርፏል። የሚያብረቀርቀው ክሮም ላይ ግን መዳፌን የሚያህል ጥቁር ነገር ተለጥፎበታል።

ቤት ስደርስ እንጀራውን ለእናቴ ሰጥቼ፣ ቢላዋ ይዤ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ማንም ሳያየኝ ልፍቀው ብዬ ነው። ፕላስቲኩ ንቅንቅ አላለም፤ ክሮሙ ላይ ግን ሁለት ጭረት አወጣሁበት።

«ቢላዋውን አስቀምጪ» አለ አባቴ ከኋላዬ።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አየውና «ማርሚታው ምን በደለሽ?» አለኝ።

አባቴ አዲስ አበባ መካኒክ ነበር። የመካኒኮች አማርኛ ብዙ የጣልያንኛ ቃላት አሉት፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ። ማርሚታ የጭስ ማውጫው ነው። በጣልያንኛ ግን ትልቅ ድስትም ማለት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ድስት ከሆነማ ልጅህ የፌስታል ወጥ ሠርታበታለች!» አለች።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ላምጣ ብዬ ጠየቅሁት። «እሱ ፌስታል አያሟሟም» አለኝ። «ቤንዚንም እንዳታስቢ። የጋለ ብረት ላይ ቶሎ እሳት ይይዛል።»

ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ከፍ ሲል ይቀልጣል። የጭስ ማውጫው ደግሞ ሞተሩ አጠገብ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ሲግል ይንጠባጠባል፣ ይጨሳል። የሚላጠው በመሃል፣ ሞቅ ብሎ ሲለሰልስ ነው።

ሞተሩን ከጋራዡ አውጥተን ደጅ አቆምነው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በዝግ ቤት ውስጥ ግን ሰው ይገድላል። ለሁለት ደቂቃ ያህል አስነስተን አጠፋነው። አባቴ የእናቴን አሮጌ የእንጨት ማማሰያ ጫፉን ጠርቦ ጠፍጣፋ አደረገው። እንጨት ክሮም አይቧጭርም። እኔ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጠለቅሁ።

መጀመሪያ እሱ ሞከረ። እጁ ተንቀጠቀጠና ማማሰያው ቧንቧውን መታው። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ምንም ሳይል ማማሰያውን ሰጠኝ።

«እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ሥሪ» አለኝ። «ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ግፊ። ቀስ በዪ።»

ፕላስቲኩ እንደ ማስቲካ እየተጠቀለለ ተነሳ። ሲደርቅ እንደገና ሞተሩን እናሞቃለን፣ እንደገና እልጣለሁ። አራት ጊዜ ደጋገምነው። በመጨረሻ የቀረውን ስስ ጥቁር ነገር፣ ቧንቧው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ውኃ እያስነካሁ በቀስታ አሸሁት። ይህ ለክሮም ነው፤ ቀለም የተቀባ ቧንቧ ከሆነ ቀለሙን ይልጠዋል። ጥቁሩ ነገር ለቀቀ። የእኔ ሁለት ጭረቶች ግን እዚያው ቀሩ።

«ዋጋውን አበላሸሁብህ አይደል?» አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዝም አለኝ።

ሰኞ ዕለት ለገዢው ሲደውል ሰማሁት። ስለ ጭረቱ ሊነግረው ነው ብዬ አፈርኩ። እሱ ግን «ይቅርታ አድርግልኝ፣ አልሸጠውም» አለው። «ልጄ ትነዳዋለች።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «ክዳን ያለው የዕቃ ሳጥን ከኋላ እናስገጥማለን። ደግሞ ሁለተኛ ሳትጠይቂኝ እንዳትወስጂው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለኝ።

ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን የምንወለውለው ሁለት ሆነን ነው። ጭረቶቹ ጋ ስንደርስ ጨርቁን ለእኔ ያቀብለኛል።