ከከተማ ወጥቶ በባላገር መኪና ስለ መንዳት

እንደ አገሩ ይኖሩ፥ እንደ ወንዙ ይሻገሩ የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለእግረኛ ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን የመኪና መሪ ለያዘ ሰው ይልቁን የሚያስፈልግ ምክር ነው። እኛ ብዙ ዘመን በአዲስ አበባ ስንነዳ ኖረን በሥራ ምክንያት ከነቤተ ሰባችን ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ከተዛወርን ወዲህ፥ ይህን ነገር በየቀኑ እየተማርነው ነው። ስለዚህ እንደ እኛ ወደ ባላገር ለሚዛወሩ ሹማምንትና ጸሐፊዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በከተማ የነጂ ዓይን የሚያርፈው በፊቱ ባለው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በቀዩና በአረንጓዴው መብራት፥ በፊተኛው መኪና ጀርባና በትራፊክ ፖሊሱ እጅ ላይ ነው። ልቸኩል ቢልም እንኳ የመኪናው ብዛት አያስኬደውም። ነገር ግን ሰንዳፋንና ሸኖን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ደብረ ብርሃን ሲገሰግስ መብራቱ ይቀራል፥ ፊቱም ባዶ ይሆናል፤ እግሩም ሳያስበው ነዳጁን ይረግጣል፤ መንገዱም ሁሉ የእርሱ ይመስለዋል። ዳሩ ግን አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፥ እግረኛውና በጉ፥ የተጫነውም አህያ ከዚያ አስቀድሞ በመንገዱ ላይ ነበሩ። እንግዳው መኪናው ነው እንጂ እነርሱ አይደሉም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ543ኛው አንቀጽ በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ይቀጣል። እኛም የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን፥ በዚህ አንቀጽ የተከሰሱ ነጂዎች የሚሰጡትን ቃል ብዙ ጊዜ ጽፈናል። አብዛኞቹም የሚሉት «ድንገት ገባብኝ» ነው። በባላገር ከተቀመጥን በኋላ ግን የተረዳነው ነገር ቢኖር፥ በመንገድ ዳር ድንገት የሚመጣ ነገር ጥቂት መሆኑን ነው። ከሚመጣው አስቀድሞ ምልክቱ ይመጣል፤ አስፋልቱን ብቻ የሚመለከት ነጂ ግን ምልክቱን አያየውም።

ይህንንም ያስተማሩን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ማዶ ባለ አንድ ጠመዝማዛ መንገድ አጠገብ ላም ቆማ አይተን፥ ዝግ ብለን ልናልፍ ስንል በትራቸውን ወደ ላይ አነሡና፥ «ጌታው፥ ቆም ይበሉ፤ ላሚቱ ወዲህ ናት፥ ጥጃዋ ግን ከወዲያ ማዶ ናት፤ ጥጃ እናቷን እንጂ መኪናን አታይም» አሉን። ተናግረው ሳይጨርሱ ጥጃዋ በፊታችን እየሮጠች ተሻገረች። «እግዜር ይስጥልኝ፥ አባቴ» ብለን አመስግነናቸው ሄድን።

ከዚያ በኋላ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል እንደ ቆጠርን የመንገዱን ዳር እንቆጥር ጀመርን። አንድ በግ ከተሻገረ መንጋው ይከተለዋል። የጅራፍ ድምፅ ከተሰማ ከኮረብታው ጀርባ ከብት አለ። በአስፋልቱ ላይ ቅጠል ወይም ድንጋይ ተደርድሮ ከታየ፥ ከጠመዝማዛው በኋላ የተበላሸ የጭነት መኪና ቆሟል። የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱን እግረኛና አህያ ይሞላዋል። ጡሩምባ መንፋትም ብዙ አይረዳም፤ አህያ ቢነፉላትም ባለችበት ትቆማለች፥ በቅሎ ግን ደንብራ የተቀመጠባትን ትጥላለች።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነውም ሒሳብ ይህንኑ ይመሰክራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ መኪናውም ገና መቆም አልጀመረም። ጣርማ በር ደግሞ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ጉም ይሸፍነዋል። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ ፍሬን አዘውትሮ መርገጥ ፍሬኑን አግሎ ያደክመዋልና፥ በከባድ ማርሽ መውረድ ይገባል።

ባለፈው ክረምት ከባለቤታችንና ከልጆቻችን ጋር ስንጓዝ፥ ከኋላ የተቀመጠችው ትንሿ ልጃችን «ግልገል!» ብላ ጮኸች። ነጭ ግልገል መንገዱን አቋርጣ አለፈች፤ እኛም ፈጽመን ቆምን። ወዲያው አምስት ዓመት የሚሆነው ሕፃን ወደ እኛ ሳይመለከት ግልገሏን ተከትሎ ሮጠ፥ ይዞም አቀፋት። እናቱ በእርሻው ዳር ሁለት እጆቿን በራሷ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር፤ መጮህ እንኳ አልቻለችም። በመኪናው ውስጥ ለብዙ ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። ግልገሏን ያላየ ነጂ ስለዚያ ሕፃን ምን ብሎ ቃሉን እንደሚሰጥ እኛ እናውቀዋለን።

እንግዲህ ወደ ባላገር የምትሄዱ ወንድሞቻችን ሆይ፥ ከቤታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጡ፤ ጨለማም ሳይዛችሁ ግቡ። ልጆቻችሁንም ዳር ዳሩን መመልከት አስተምሯቸው፤ ለእነርሱ ጨዋታ ነው፥ ለእናንተ ግን ተጨማሪ ዓይን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰው የሰው ደም ከሆነ ግን የሚለቀም ነገር አይገኝም።